ኔት ሲጠፋም የሚያወራ ስልክ፦ አንቴናፖድና ጎንደር ላይ ሊደመጡ የሚገባቸው ፖድካስቶች

ዛሬ «ፖድካስት» ሲባል ለብዙ ሰው ድቅን የሚልበት ሁለት ሶፋ፣ ሁለት ትልልቅ ማይክና ከኋላ ሐምራዊ መብራት ያለበት የዩቲዩብ ቃለ መጠይቅ ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ግን ሶፋም መብራትም አልነበረበትም። ከአይፖድና ከብሮድካስት የተገጣጠመ ስም ሲሆን፣ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ራሱ ወደ መሣሪያችሁ የሚወርድ፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ኔት የማይጠይቅ የድምፅ ዝግጅት ማለት ነበር።

ጎንደር ላይ ይህ ልዩነት የቃላት ክርክር አይደለም። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ ቀድሞ ፋይሉን ያወረደ ሰው ሲያዳምጥ ከረመ፤ ሊንኩን ብቻ ያስቀመጠ ርዕሱን እያየ ከረመ። በደህናው ጊዜም ቢሆን ከፒያሳ አዘዞ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ሲጓዙ ኔት መጣሁ ሄድኩ ይላል። ስለዚህ እዚህ አንድን የፖድካስት አፕ ስንመዝን መጀመሪያ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ፋይሉ በእርግጥ ስልኬ ላይ ይቀራል ወይ? ለጓደኛዬስ ያለ ኔት ላቀብለው እችላለሁ ወይ?

በዚህ መመዘኛ ለአንድሮይድ ስልክ የምንመክረው አንቴናፖድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በፈቃደኞች የሚሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ነፃ አፕ ነው። የራሱ ማስታወቂያ የለውም፤ ኢሜይልም ስልክ ቁጥርም አይጠይቅም። ከፕሌይ ስቶር ይወርዳል፤ ፕሌይ ስቶር ለማይሠራላቸው ኤፍ-ድሮይድ በተባለው የክፍት ኮድ አፖች መደብር ላይም አለ።

የሌሎቹን ነገር ባጭሩ። ስፖቲፋይ ሳይከፈል ፖድካስት ያወርዳል፤ ፋይሉ ግን እዚያው አፑ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፣ በዜንደር አይላክም፣ በየ30 ቀኑ ቢያንስ አንዴ ኔት ካላገኘም ያወረዳችሁትን ይከለክላችኋል። ኔት ለወራት ጠፍቶ በሚያውቅበት አካባቢ ይቺ የ30 ቀን ነገር ቀላል አይደለችም። ዩቲዩብ ካልተከፈለበት ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ፖኬት ካስትስ ጥሩ ነው፣ አይፎን ላይም ይሠራል። አይፎን የያዘ ሰው አብሮ የሚመጣው አፕል ፖድካስትስም አይከፋበትም፤ የክፍሉን ፋይል አውጥቶ መስጠት ግን አይችልም። ጉግል ፖድካስትስ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል፤ አሁንም «እሱን አውርድ» የሚል ምክር ካያችሁ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ ዳታ በብር ነውና። የአንድ የድምፅ ፋይል ክብደት በቢትሬቱ፣ ማለትም ለአንድ ሴኮንድ ድምፅ በሚፈጀው ኪሎቢት፣ ይወሰናል። የቢትሬቱን ቁጥር በ0.45 ብታባዙት በሰዓት ስንት ሜጋባይት እንደሚፈጅ ይነግራችኋል። ባለ 64 ኪሎቢቱ 29 ሜጋባይት ገደማ፣ ባለ 128ቱ 58 ገደማ፣ ባለ 320ው 144 ይሆናል። ለንግግር 64 ይበቃል፤ ከ128 በላይ የተለቀቀ ወሬ ብክነት ነው። ያንኑ የአንድ ሰዓት ጨዋታ በመካከለኛ ጥራት ቪዲዮ ብታዩት ብዙ ጊዜ የድምፁን አራትና አምስት እጥፍ ይበላል፤ ያውም ሰዎቹ ተቀምጠው ሲያወሩ ለማየት።

አፑን እንደጫናችሁ መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ «ሞባይል አፕዴትስ» የሚል መስመር አለ። በሞባይል ዳታ የትኛው ሥራ ይፈቀድ የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው። የክፍሎቹን ዝርዝር ማደሱን ፍቀዱለት፣ ጥቂት ነው የሚበላው። ማውረድንና ኔት ላይ እያሉ ማጫወትን ግን አጥፉ፤ አለበለዚያ ሳታስቡት አንዲት ጠቅታ ጥቅሉን ትጨርሰዋለች። እዚያው አጠገብ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ወደ ሜሞሪ ካርድ መቀየር ይቻላል። ይህንን ከማውረዳችሁ በፊት አድርጉት፤ ቀድሞ የወረደው ራሱ ወደ ካርዱ አይዛወርም።

በጣም የተለመደው ብልሽት «ማታ አዝዤው ያደርኩት ጠዋት አልወረደም» የሚለው ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአፑ አይደለም። እዚህ በብዛት የሚያዙት ቴክኖና ኢንፊኒክስ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ስክሪን ከጠፋ በኋላ ከጀርባ የሚሠራን አፕ ይዘጋሉ። መፍትሔው በስልኩ ሴቲንግስ አፕስ ውስጥ አንቴናፖድን አግኝቶ የባትሪ ገደቡን ማንሳት፣ «ፎን ማስተር» ባለባቸው ስልኮች ደግሞ በራሱ እንዲነሣ መፍቀድ ነው። በሌሊት ጥቅል የምታወርዱ ከሆነ በራሱ ሰዓት ይጀምራል ብላችሁ አትመኑት። አፑ በየተወሰነ ሰዓት ልዩነት ይፈትሻል እንጂ በተባለው ደቂቃ አይነሣም። ጥቅሉ ሲገባ አንዱን ክፍል ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ሌሎቹን ምረጡ፣ ሁሉንም ባንዴ ማውረድ። ጥቅሉን በ*999# ወይም በቴሌብር ስትገዙም የተጻፈው ሰዓት በፈረንጅ ይሁን በእኛ አረጋግጡ፤ በዚህ ስንት ጥቅል ተቃጥሏል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፦ የአማርኛ ፖድካስት ፈልጎ ማግኘት። አንቴናፖድ እዚህ ላይ ደካማ ነው፣ አንሸፋፍነውም። የሚያሳያችሁ ዝርዝር የሌላ አገር የአድማጭ ደረጃ ነው፤ «ይህን የወደደ ያንንም ይወዳል» የሚል ምክርም አይሰጥም። የፍለጋ ሳጥኑ ደግሞ የአማርኛን ፊደል አያውቅም፤ የተጻፈለትን ቃል ፊደል በፊደል ነው የሚያነጻጽረው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ውሰዱ። ሥ በሁለት መልክ፣ ጽ በሁለት፣ ሑ በሦስት ይጻፋል፤ በድምሩ 12 አጻጻፍ፣ ሰረዝና ክፍተቱ ሳይቆጠር። የዝግጅቱ ባለቤት «ስነ-ፅሁፍ» ብሎ ከመዘገበ እናንተ በትክክለኛው ፊደል ስለጻፋችሁ ብቻ አታገኙትም። ብዙዎቹ ደግሞ ስማቸውን ያስመዘገቡት በላቲን ፊደል ነው። ቀ አንዴ በኪው አንዴ በኬ ይጻፋል፣ ፀ አንዴ በቲ-ኤስ አንዴ በቲ-ዜድ። ስለዚህ አሻሚ ፊደል የሌለበትን ቃል ምረጡ፤ «ታሪክ»ን፣ «ጤና»ን፣ ወይም «መጽሔት» ከሚለው ይልቅ «ንባብ»ን። ከዝግጅቱ ስም ይልቅ ደግሞ የአዘጋጁን ስም መፈለግ ያዋጣል።

«አድ ፖድካስት» የሚለውን ስትከፍቱ መጀመሪያ ከላይ ባለው ሳጥን ፈልጉ። ካጣችሁ ዝቅ ብላችሁ አፕልና ፖድካስት ኢንዴክስ የተባሉትን የፖድካስት ማውጫዎች ለየብቻ ሞክሩ፤ አንዱ ጋ የሌለ ሌላው ጋ ሊገኝ ይችላል። የዝግጅቱ ድረ ገጽ ላይ የአርኤስኤስ አድራሻ (አፑ አዲስ ክፍሎችን የሚያገኝበትን ሊንክ) ካገኛችሁ እሱን ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ከሁሉ ይቀላል። ዩቲዩብ ላይ ብቻ ወይም ስፖቲፋይ ላይ ብቻ የሚለቀቅ ዝግጅት ግን በየትኛውም መንገድ እዚህ አይገባም፤ የድምፅ ፋይል የያዘ አርኤስኤስ የለውምና። የተገኘው ዝግጅት የመጨረሻ ክፍሉ ከዓመት በፊት ከሆነ አትናቁት። ጥቂት ክፍል ወጥቶ የቆመ የአማርኛ ፖድካስት ብዙ ነው፤ ፋይሎቹ ግን እዚያው አሉ፣ የቃል ታሪክ ወይም የሙያ ጨዋታ ደግሞ በዓመት አይሻግትም።

አዲስ ዝግጅት ስትሞክሩ ታዋቂ እንግዳ ከቀረበበት ክፍል አትጀምሩ፤ እንግዳው አዘጋጁን ይሸፍነዋል። ከመካከል አንዱን ያዙና ከ10ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ አምስት ደቂቃ ስሙ። መግቢያ ላይ ሁሉም አምሮበታል። ከ10ኛው ደቂቃ በኋላ ነው አዘጋጁ ያነበበና ያላነበበ የሚለየው። ያነበበው «ይህ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»፣ «ማን ነው የነገረዎት?» ይላል፤ ያላነበበው «በጣም ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል» እያለ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይዘላል። ድምፁንም በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ባጃጅ ውስጥ ወይም ቅዳሜ ገበያ ሆናችሁ ፈትሹት። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ባለበት ክፍል የተቀዳ ወሬ ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ መንገድ ላይ ግን ቃሉ ተድበስብሶ ይጠፋል። የአዘጋጁ ድምፅ ጮሆ የእንግዳው ካነሰ ደግሞ ምንም ቢሉት አይድንም። ዝግጅቱ በሙሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መላ አለው፤ የዝግጅቱ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ለእሱ ብቻ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ከእነዚህ ፈተናዎች ካለፉት ውስጥ፦

ዶይቸ ቬለ አማርኛ። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው፤ የአንድ ሰዓት ስርጭቱ ማምሻውን 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሙሉውን ሰዓት አታውርዱ። ግማሹ ዜና ነው፣ ዜና ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይቀዘቅዛል። የሚቀመጡት ለብቻቸው የሚወጡት ዝግጅቶች ናቸው፤ «ጤና እና አካባቢ»ን፣ «ኤኮኖሚ»ን፣ የእሑዱን «እንወያይ» ያዙ። «እንወያይ» ረዘም ይላል፤ የተለያየ አቋም ያላቸውን ሰዎች አንድ ላይ ስለሚያቀርብ ግን አንድ ወገን ብቻ ከሚሰማባቸው የዩቲዩብ ውይይቶች በኋላ ጆሮ ያሳርፋል። ኤስቢኤስ አማርኛም ሥርዓት ያለው ዝግጅት ነው፤ ብዙው ስለ አውስትራሊያ ኑሮ ስለሆነ እዚያ ዘመድ ለሌለው አይቸኩልም።

የሸገር ኤፍ ኤም «መቆያ»። እሸቴ አሰፋ የሚተርከው ይህ ዝግጅት አማርኛ ለጆሮ እንዴት እንደሚጻፍ ማሳያ ነው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ጊዜና ቦታ የታወቀበት ታሪክ፣ ያልተጣደፈ አንደበት። የ102.1 ሞገድ ጎንደር ስለማይደርስ እዚህ የሚደመጠው በቅጂ ነው፤ ቅጂው ደግሞ በብዛት የሚዘዋወረው በቴሌግራምና በዩቲዩብ ነው።

ቴሌግራም ላይ ያለ ድምፅ ሁሉ አንድ ችግር አለው፦ ከሌላው ወሬ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል፣ ካሹ (ጊዜያዊ ማከማቻው) ሲጸዳም አብሮ ይሄዳል። አንቴናፖድ ለዚህ ያለው መላ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለእኛ ከሌሎቹ አፖች የሚበልጥበት ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ቴሌግራም ውስጥ ከድምፁ ጎን ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ ስልኩ ላይ አስቀምጡ። በፋይል ማኔጀር አንድ አዲስ ፎልደር ፍጠሩና ፋይሎቹን ወደዚያ አዛውሩ፤ ሁሉም በዚያው ፎልደር ይሁኑ፣ ውስጡ ሌላ ፎልደር አትክፈቱ። ስማቸውን በቁጥር ጀምሩ፦ 01፣ 02፣ 03። «1» ብላችሁ ከጀመራችሁ 10ኛው ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ከዚያ «አድ ፖድካስት» ውስጥ «አድ ሎካል ፎልደር» የሚለውን ነክታችሁ ፎልደሩን ማሳየት ነው። ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም ፖድካስት ይሆናል፤ ያቆማችሁበትን ደቂቃ ያስታውሳል፣ የእንቅልፍ ሰዓት ይሞላል፣ ወረፋ ይይዛል። አዲስ ፋይል ስትጨምሩ ገጹን ወደ ታች ስባችሁ ማደስ አትርሱ፤ «ጨምሬው አይታይም» የሚለው ቅሬታ መነሻው ይኸው ነው። መምህራን ትምህርታቸውን በድምፅ ለሚለቁላቸው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪና የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪዎችም ይሠራል።

ወደ እንግሊዝኛው ስንሄድ፣ ለጀማሪ የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ»ን የሚተካከል አላገኘንም። ስድስት ደቂቃ፣ ስድስት አዲስ ቃል። መጀመሪያ ላይ ሦስት አማራጭ ያለው ጥያቄ ይቀርባል፣ መልሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አስጎብኚ ለመሆን የሚዘጋጅ ወጣት እስከ መጨረሻው እንዲሰማ የምታስገድደው እሷ ናት። የሚነገረው ሁሉ ተጽፎ በነፃ ድረ ገጹ ላይ ይገኛል። በ128 ኪሎቢት አንዱ ክፍል 6 ሜጋባይት አይሞላም፤ የዓመቱ 52 ክፍል በሙሉ ከ300 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም። አሠራሩ፦ መጀመሪያ ሳያዩ መስማት፣ ቀጥሎ ጽሑፉን እያነበቡ፣ በማግስቱ እንደገና ሳያዩ። ጽሑፉን ከድምፁ ጋር አብራችሁ አውርዱት።

ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል «ዊትነስ ሂስትሪ» አለ፤ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ አንድን ታሪካዊ ክስተት በቦታው የነበረ ሰው ራሱ የሚናገርበት። ክምችቱ ግዙፍ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች አትቁጠሩ፤ ዝግጅቱ ውስጥ ገብታችሁ የመፈለጊያ ምልክቱን በመንካት የኢትዮጵያን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉ።

ለሠለጠነ ጆሮ ደግሞ የቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ኢን አወር ታይም»። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2025 ሜልቪን ብራግ የመራው፣ ሦስት ምሁራን አንድ ርዕስ ይዘው የሚመላለሱበት ዝግጅት ነው። የፋሲል ግቢ አስጎብኚዎች በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን «ፕሬስተር ጆን» የተባለ ክፍል ቢያወርዱት አያጡበትም። አውሮፓውያን በምሥራቅ አለ ብለው ሲፈልጉት ኖረው ኋላ ኢትዮጵያ ላይ ስላሳረፉት የክርስቲያን ንጉሥ ተረት ነው። ፖርቱጋሎች ለምን እዚህ ድረስ መጡ፣ ፋሲለደስስ ያባረራቸው ኢየሱሳውያን በማን ፈለግ ገቡ ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ምሁራኑ ይፈጥናሉ፤ ፍጥነቱን ወደ 0.9 ዝቅ አድርጉት።

ለጂሲ ግቢ የሕክምና ተማሪዎች «ዘ ከርብሳይደርስ»ን እንመክራለን፣ ግን ከማስጠንቀቂያ ጋር። የውስጥ ደዌ ሐኪሞች አንድን በሽተኛ ይዘው እንዴት እንደሚያስቡ ጮክ ብለው የሚያሳዩበት የአሜሪካ ዝግጅት ነው። አስተሳሰባቸውን ውሰዱ፣ ትእዛዛቸውን ግን አትቅዱ። የሚያዝዙት ምርመራና መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ እንደልብ የሚገኘውን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ከአገራችን የሕክምና መመሪያ ጋር ሳይተያይ ወደ ዋርድ አይገባም።

ስለ ፍጥነት ካነሣን አይቀር፦ አማርኛን ከ1.25 በላይ አትሩጡበት። እንግሊዝኛ 1.5ን ይችላል፤ የእኛ ቋንቋ ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በማጥበቅና በማላላት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ፤ «ገና»ም እንዲሁ። ፍጥነት ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠፋው ያቺ የምትጠብቀው ፊደል ናት፤ ጆሮ እያካካሰ ይከተላል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ይደክማል። ዝምታን እየዘለለ የሚያጫውተውን ቁልፍም ለቃለ መጠይቅ ክፈቱት፣ ለትረካና ለቅኔ ዝጉት፤ ተራኪው ሆን ብሎ ያሳረፈውን ትንፋሽ ይቆርጠዋል።

ለዜማ ደግሞ የቢትሬቱ ምክር ይገለበጣል። የበአታን አቋቋም የመሰለ ዝማሬ በ64 ወይም ከዚያ በታች በተጨመቀ ፋይል ስትሰሙ ከበሮው ደህና ነው፣ የመምህራኑ ድምፅም ያልፋል፤ ጸናጽሉ ግን እንደሚፈስ ውኃ «ሽሽሽ» ብቻ ይሆናል። መጭመቂያው መጀመሪያ የሚጥለው ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ነው። ዜማ በ128 ስቴሪዮ ይጀምር፣ ከዚያ በላይ ከተገኘም ይወሰድ።

ለሌላ ሰው ስትመክሩ «እሱን ስማው» አትበሉ፣ ክፍሉን ለይታችሁ ፋይሉን ስጡት። የወረደውን ክፍል ከፍታችሁ «ሼር» ስትሉ ከአማራጮቹ ውስጥ የድምፅ ፋይሉን ራሱን ምረጡ፤ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ያለ ምንም ዳታ ያልፋል። «23ኛው ደቂቃ ላይ ስማ» ማለት ግን ያስቀይማል። ትልልቆቹ የውጭ ዝግጅቶች ማስታወቂያውን የሚከቱት ፋይሉ በሚወርድበት ሰዓት፣ እንደ አውራጁ አገር እየለዩ ነው፤ ስለዚህ የእናንተ 23ኛ ደቂቃ ራሱ ላወረደው ወንድማችሁ 25ኛው ሊሆን ይችላል። ከደቂቃው ይልቅ «ስለ ካርታው ማውራት ሲጀምሩ» ብላችሁ ምልክት ስጡት።

ስልክ ከመቀየራችሁ ወይም ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ «ኢምፖርት/ኤክስፖርት» (ማስገቢያና ማስወጫ) የሚለውን ክፈቱና ዳታቤዙን አውጡ። ኦፒኤምኤል የሚባለው የተመዘገባችሁባቸውን ዝግጅቶች ስም ብቻ ነው የሚይዘው፤ የት ላይ እንዳቆማችሁ የሚያስታውሰው ዳታቤዙ ነው። ሁለቱንም ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ። የወረዱት ድምፆችና የፎልደሩ ፋይሎች ግን በዚህ ውስጥ የሉም፤ እነሱን ለብቻቸው ወደ ሜሞሪ ካርድ ገልብጡ።